የዳማው ቁርስ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ዋጋዬ
ኩዌት

የዘንገናን ሐይቅ ያህል የጠለቀ፣ የእንጅባራን ጉም ያህል የበዛ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ ሁላችን፣ ከአባባ ጀምሮ እስከ ዶሮዎቹ ድረስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህ «ደህና ነን» ግን አባባ በስልክ የሚነግሩዎት ዓይነት ደህና ነው፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አክስቴ ሆይ፣ አንገቴን ደፍቼና ነጠላዬን አጣፍቼ አንድ ኃጢአት እናዘዝልዎታለሁ። ለነፍስ አባታችን እንዳልናገረው እሳቸውም ፈረስ ይወዳሉ፤ አይምሩኝም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ሰው መረጥሁ።

ሰርቄያለሁ። የሰረቅሁትም ከሰው አይደለም። ከፈረስ ነው።

ፈረሱ ዳማው ይባላል። አባባ ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል የሚያዘጋጁት እሱን ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሡና ገብሱን በጣሳ ይሰፍሩለታል። ባቄላውንም ከማታው አርሰው ያሳድሩለታል። ሲበላ አጠገቡ ቆመው በአዊኛ፣ ቀስ ብለው ያወሩታል፦ እንዴት አደርህ፣ ጉልበትህን ምን ነካህ፣ ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ግራ እግርህ ከበደህ ወይ? እኛን የሚያናግሩን በአማርኛ ነው። አማርኛውም ቆጣቢ ነው፦ «ተነሡ!» «ሂዱ!» «የታል?»

ታናሽ ወንድሜን ኪዳኑን እርስዎ ወደ ኩዌት ሲሄዱ የተውት ደረቱ ላይ የሚሳብ ሕፃን ነበር። አሁን ሦስተኛ ክፍል ነው። እማዬ ድንቿን ይዛ ገበያ የምትወጣው እሱ ሳይነሣ ነው፤ ደህና ደህናው ድንች ከእሷ ጋር ይሄዳል፣ ወተቱ ለሆቴል ይሄዳል፣ እንቁላሉ ለሱቅ ይሄዳል። ኪዳኑም ይሄዳል፤ ባዶ ሆዱን። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ነቅቶ ይደባደባል። መምህሩ፣ መምህር እንዳልካቸው፣ ወላጅ እንዲመጣ ሁለት ጊዜ ወረቀት ላኩ። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ማስተማር የእሱ ሥራ ነው። እኔ ዳማውን ና ግራልኝ ብዬ ጠርቼዋለሁ?»

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን ፍርድ ተፈርዷል። ከፈረሱ በዓል ማግስት ኪዳኑ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አዲስ ቅዳም፣ አጎቴ ደርበው ጋ ሄዶ ከሰል ያከስላል። «ፊደል አልገባውም፤ ከሰሉ ይግባው» አሉ አባባ። ልጁ ሲሰማ አላለቀሰም። ደብተሩን አንሥቶ አልጋ ሥር ደበቀው፤ ደብተሩን እንዳይወስዱበት ብሎ።

በዚህ ምክንያት እኔ ኃጢአተኛዋ፣ አባባ ዳማውን ውኃ ሊያጠጡ ሲወጡ፣ ከአቁማዳው ገብስ እየዘገንሁ ቆሎ ቆልቼ ኪዳኑ ቦርሳ ውስጥ መጨመር ጀመርሁ። እሱም መንቃት ጀመረ! መምህሩ ተገርመው «ኪዳኑ፣ ዛሬ ምን ሆንህ?» ቢሉት «ፈረስ ሆንሁ» አላቸው። በዚህም ተከሰሰ።

የምለምንዎት ብር አይደለም፤ ቃልዎን ነው። አባባ በዚህ ዓለም የሚፈሩት እግዚአብሔርን፣ ጅብንና እርስዎን ነው። ነገር ግን በስልክ አይሁን፤ ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጡና «ሁሉም ደህና» ብለው ይዘጉታል። እንደዚህ በደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ጓደኛዬ ሶስና ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልካለች፣ የእርስዎንም ትቀበላለች። ስሜን ግን አደራ፣ አይጥሩ።

የፈረስ ሌባ የሆነች ልጅዎ
ሰርክአዲስ


ኩዌት፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክአዲስ

እንዴት ነሽ፣ የእኔ ቀማኛ? የኪዳነ ምሕረት ጥላ በላይሽ ይሁን፤ ያንን ምላስሽንም እሷው ትጠብቅልሽ። መልሴ የዘገየው የምሠራበት ቤት እንግዳ በዝቶ ነው። ደብዳቤሽን ያነበብሁት ማድ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነው። ስስቅ የቤቱ እመቤት መጥታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ከአገሬ ሌባ ወጣልኝ» አልኋት።

ስለ አባትሽ እንዲህ ብለሽ አትጻፊ። ወንድሜ ነው፣ አዝዬ ያሳደግሁት ነው፣ ይከበር። የጻፍሽው ግን አንዱም ውሸት የለበትም።

እንግዲህ አድምጪኝ። እናትሽን እንዳትወቅሺ፤ ድንቹን ካልሸጠች ደብተሩም የለም። አባትሽም ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ማለት ለእሱ ዝናብ እንደሚያበቅለው ሣር ነው፤ ዝም ብሎ የሚያድግ ይመስለዋል። ፈረስ ግን ሲያድግ አይቷል፤ ስለዚህ ፈረስን ያውቃል። እኔ አንድ ቀን ዘልዬ ብጽፍለት ማን ነገራት ብሎ አንቺን ይይዝሻል። ራሱ ይጻፍልኝ። ይጽፋልም፤ በዓሉ ሲቃረብ የሚፈልገው ነገር አይጠፋም። ያን ጊዜ ለእኔ ተይው።

አንድ ነገር አልጻፍሽልኝም። አንቺስ ጠዋት ጠዋት ምን ትበያለሽ?

አክስትሽ ዋጋዬ


እንጅባራ፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ነቢይ ነዎት። የሚከተለውን አባባ አስጽፈውኛል። ራሳቸው ያልጻፉት መነጽራቸው ስለጠፋ ነው፤ ኖሮአቸው የማያውቀው መነጽር። በቅንፍ ያለው የእኔ ነው፤ ሲያስነብቡኝ እዘለዋለሁ።

ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ ዋጋዬ። የባሕሩ ስፋት፣ የመንገዱ ርቀት ሳያግደው ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁም። (ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዋናው ነገር እየመጣ ነው።)

ዳማው በጣም ደህና ነው። ጠዋት ጣሳ ሙሉ ገብስ ይበላል፣ በላዩም የራሰ ባቄላ። ውኃ የምሰጠው ካረፈ በኋላ ነው፤ ላብ እያለው የጠጣ ፈረስ ሆዱን ይታመማል። በቀደም አንገቱን ሲያዘቀዝቅ አይቼ ምን ሆነ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ ለካስ ልጓሙ ጠብቆበት ኖሯል። አቀማመጤን ያውቃል። ስቆጣ ጆሮውን ይጥላል፤ ስለዚህ አልቆጣውም። ፈረስ በቁጣ አይሠለጥንም። (ይህን ሲሉ ኪዳኑ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። «አንተ ምን ይገትርሃል!» ብለው ጮሁበት።)

ነገር ግን ሰሞኑን ጎኑ ትንሽ ገባ አለ። ገብሱ ከአቁማዳው ይጎድላል። አይጥ ነው። (አይጧ ይህን እየጻፈች ነው።) ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ገብሱን ሣጥን ውስጥ አድርጌ እቆልፍበታለሁ። (አክስቴ፣ አለቅን።)

የምለምንሽ፣ ለኮርቻው ልብስ የሚሆን ቀይ ከፈይ ጨርቅ ከዚያው አገር ብትልኪልኝ ነው። የእንየው ፈረስ ዐምና በከፈይ ወጥቶ የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። (እንየው ጎረቤታችን ነው። ሳይጣሉ የሚፎካከሩ ሽማግሌዎች አይተው ያውቃሉ?)

ልጆች ደህና ናቸው። ወንድምሽ ምንይችል። (ስለ እኛ ያለው ይኸው ነው። «ልጆች ደህና ናቸው።» ሦስት ቃል። እኔ ቆጥሬ ሳልጨርስ አለቀ።)

ይህንን የጨመርሁት እኔ ሰርክአዲስ ነኝ፦ ስለ እኔ የጠየቁት ጥያቄ በኔትወርክ ችግር ምክንያት አልደረሰኝም።


ኩዌት፣ ኅዳር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለምንይችል

እንደምን ከረምህ? አምላክ ቤትህን በሰላም፣ በረትህን በከብት ይሙላልህ። ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ መነጽርህ ተገኘ መሰለኝ።

ስለ ዳማው የጻፍኸውን ሳነብ እዚህ ከተማ መሐል ሆኜ የፈረሱ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ተሰማኝ። ሰው ሲያውቅ እንዲህ ነው። የሚበላውን ታውቃለህ፣ የሚያመውን ታውቃለህ፣ የሚያስፈራውን ታውቃለህ። ኮራሁብህ።

ከፈዩን ገዝቻለሁ። ቀይ ነው፤ እንየው የሚያፍርበት ዓይነት ቀይ። ሻንጣዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ በገና ሰሞን የሚመጣ ሰው አለ። ነገር ግን አልልከውም፤ አንድ ነገር እስክታደርግልኝ ድረስ።

ኪዳኑን ሳላውቀው አደገ። ፊቱን ባየው አልለየውም። ስለ ዳማው እንደ ጻፍህልኝ አድርገህ ስለ ኪዳኑ ጻፍልኝ። ጠዋት ምን በልቶ ይወጣል? ሲቀመጥ፣ ሲሄድ እንዴት ነው? ምን ያስፈራዋል? ሲቆጡት ምን ያደርጋል? ትምህርቱ ላይ የቱ ጋ ይሰናከላል? ከፈረሱ ያነሰ እንዳትጽፍልኝ፤ አንተ የምታየውን እንጂ ሌላ ሰው የነገረህን አልፈልግም። ያ ደብዳቤ እጄ የገባ ቀን ከፈዩ መንገድ ይጀምራል።

እኅትህ ዋጋዬ

ሰርክአዲስ፣ ይህን ለአባትሽ አታንብቢ፦ አሁን ኔትወርኩ ይሠራል። ጠዋት ምን ትበያለሽ?


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለእትዬ ዋጋዬ፣ ለጦር አዛዧ

ሰላምታዬ በእልልታ ታጅቦ ይድረስዎ። የዘገየሁት እኔ አይደለሁም። አባባ ናቸው። ታሪኩን ከሥሩ ልንገርዎ።

ደብዳቤዎን ከሶስና ስልክ ላይ አነበብሁላቸው። መጀመሪያ «ደብዳቤ ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ተቆጡ። ከፈዩ ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። ኪዳኑ ጋ ስደርስ «ድገሚው» አሉ። ደገምሁት። «ይቺማ ምን አላት! የፈረስ ጥርስ አይቼ ዕድሜውን የምናገር ሰው የገዛ ልጄ ሊያቅተኝ ነው? ወረቀት አምጪ።»

አመጣሁ።

«ጻፊ። ኪዳኑ ጠዋት…» አሉና ደገሙት፦ «ኪዳኑ ጠዋት ጠዋት…» ጣራውን አዩ። ወደ እኔ ዞሩ። «ምንድን ነው የሚበላው?»

«አባባ፣ አክስቴ ሌላ ሰው የነገረህን አልፈልግም ብለዋል እኮ።»

እማዬ ድንች እየለየች ነበር። ቀና ሳትል «እኔ ስወጣ ተኝቷል» አለች። «እኔ ከወጣሁ ወዲያ ያለው ልጅ ያንተ ነው።»

አክስቴ፣ እማዬ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አባባም ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፤ ወጥተው ዳማው ጋ ሄዱ። ለብዙ ቀን ወረቀቱ «ኪዳኑ ጠዋት ጠዋት» ላይ ቆሞ ቀረ። እኔም በየማታው «አባባ፣ እንቀጥል?» እያልሁ አደርቃቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ግን አባባ ጋጣው በራፍ ላይ ቆመው ኪዳኑን ያዩት ጀመር። እሱ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ መሶቡን ከፍቶ አየ፣ ዘጋው፣ ውኃ ጠጣ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። በቃ። ገብሱ ከተቆለፈበት ጀምሮ ቦርሳው ውስጥም ምንም የለም። አባባ ዳማውን ጭነው ከኋላው ተከተሉት። የእኔ የትምህርት ፈረቃ ከሰዓት ስለሆነ እኔም ተከተልሁ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አቶ አወቀ በሩ ላይ ዱላቸውን ጋረጡ። «ፈረስ አይገባም!»

«ወላጅ ይገባል?»

«ወላጅ ይገባል።»

«እንግዲህ እኔ ወላጅ ነኝ፤ እሱ እግሬ ነው» አሉና ገቡ። አቶ አወቀ ዱላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

የሦስተኛ ክፍል መስኮት ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ዘልዬም አልደርስበትም። ኮርቻ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ልክ ነው። አባባ ዳማውን አስጠግተው አጎንብሰው አዩ። ዳማውም አብሮ አየ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንድ ልጅ ብቻ አልሳቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል።

መምህር እንዳልካቸው ወጡ። «አቶ ምንይችል! ሁለት ጊዜ ጠርቼዎት ነበር።»

«ይህ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጀመሪያ ተሽሎት ነበር። እጁን ያወጣ ነበር፣ ያነብም ነበር። ከዚያ ተመልሶ እንዲህ ሆነ። ምን እንደነካው አላወቅሁም።»

አባባ ከፈረሱ ወረዱ። ኪዳኑን ጠሩት። እሱም ዱላ የሚመጣ መስሎት ጆሮዎቹን እንደ ጣለ ፈረስ ሆኖ መጣ። አባባ እጃቸውን ሰደዱና ዳማው ላይ በየጠዋቱ እንደሚያደርጉት ጎኑን፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለውን፣ በመዳፋቸው ያዙ። ግራውን ያዙ፣ ቀኙን ያዙ። ከዚያ ወደ መምህሩም ወደ እኔም ሳያዩ፣

«ይሄን ፈረስ ማነው የሚያበላው?» አሉ።

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። አባባ አልሳቁም። የተናገሩትን ሲያውቁት ፊታቸው ሌላ ሆነ። ኪዳኑን አቅፈው ኮርቻው ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው በእግራቸው ልጓሙን ስበው ወደ ቤት መለሱት። አቶ አወቀ ዱላቸውን አነሡላቸው።

ያን ቀን ሣጥኑ ተከፈተ። አባባ ራሳቸው ገብሱንና ባቄላውን ቀቀሉ፤ አሳረሩትም፤ ኪዳኑም ያረረውን ጠራርጎ በላ። ጾም ነው ብለው ቢጨነቁ የነፍስ አባታችን «ሕፃን ልጅ ጠዋት ይብላ፤ ወተቱ ለገና ይቆየው» አሏቸው። ይኸው አሁን ሁለት ጣሳ ይሰፈራል፤ አንዱ ለዳማው፣ አንዱ ለኪዳኑ።

አባባ የጨረሱትን ደብዳቤ አብሬ ልኬዋለሁ። ረጅም ነው። ስለ ልጃቸው ሲያስጽፉኝ አንዴም ጣራ አላዩም። እርስዎ ስለ እኔ የጠየቁት እዚህ ገጽ ላይ ቦታ ስላልነበረው ቀርቷል፤ ይቅርታዎ ይብዛልኝ።

ሰርክአዲስ


ኩዌት፣ ጥር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ ልጄ

የአባትሽን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌው ተኝቼበታለሁ። «ሲቆጡት እንደ ዳማው ጆሮውን ይጥላል፤ እስከ ዛሬ ያላየሁት እኔ ነኝ» ያለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ከፈዩ ተልኳል።

ስለ ፈረሱ ገብቶኛል። ስለ ኪዳኑ ገብቶኛል። አቶ አወቀ ዱላ እንዳላቸውም ገብቶኛል። እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ሳይመለስ ቀረ። ቀልድ የምታበዢው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ነበርሁ፤ መሶቡ ውስጥ የቀረውን ለአባትሽ እያጎረስሁ ጠግቤያለሁ እያልሁ።

ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ጻፊልኝ። አጭር ይሁን።

አክስትሽ


እንጅባራ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ዋጋዬ

የጥምቀቱ በረከት ይድረስዎ። ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ይኸው። ከባድ ነው፤ ያለ ልጓም እንደ መጋለብ ነው።

መጀመሪያ የዜና ክፍል። ከፈዩ ደርሷል። እንየው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አይቶት ለሁለት ቀን ሰላምታ አልሰጠንም። አጎቴ ደርበው በዓሉን እንኳ ሳይጠብቅ ትናንት ኪዳኑን ሊወስድ ከአዲስ ቅዳም መጣ። አባባ አስቀመጡት፣ አበሉት፣ «ደርበው፣ ልጁ ሰነፍ ነው ብዬህ ነበር። ተሳስቻለሁ። ርቦት ነው» አሉት። አጎቴም «እንግዲያ ማን ይሂድልኝ?» ቢል «አንተው ሂድ» ብለው ሸኙት። ኪዳኑ ደብተሩን ከአልጋ ሥር አወጣ።

ከገና ወዲህ አንድ ብርጭቆ ወተት ቤት ይቀራል። እማዬ ናት ለሆቴሉ «ጎደለብኝ» ያለችው። ማታ ማታ ኪዳኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለአባባ ያነባል። አባባ ፊደሉን ባያውቁትም ሲሰናከል ያውቃሉ። «ቁም። እዚያ ጋ ኮቴው ተበላሸ። ከዳገቱ ሥር እንደገና ተነሣ» ይሉታል፤ በአዊኛ፣ ቀስ ብለው። ክፍል ውስጥ መተኛቱ ቀርቷል። ጠቡ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ በቀደም አንዱን ልጅ ዳማውን «አህያ» ስላለ መትቶታል። አባባ ተቆጡት፤ ብዙ ግን አልተቆጡም።

አሁን ጥያቄዎ።

አክስቴ፣ ገብሱን ስሰርቅ ለእኔም መውሰድ እችል ነበር። ግን ብዙ ከጎደለ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ምን እበላለሁ ላሉኝ፦ ምንም። እኔ ትልቅ ነኝ፣ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው፣ እማዬ ከገበያ እስክትመለስ እችላለሁ እያልሁ። ከሰዓት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ቁጥሮቹ ይዋኙብኛል። ባለፈው ፈተና ከሶስና በታች ሆንሁ፤ እኔ ሰርክአዲስ! እሷም ያዘነችልኝ መስላ ሳቀች። በኪዳኑ መተኛት ስስቅ የከረምሁትን እኔን ረቡዕ ዕለት መምህራችን ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ።

ለአባባ አልነገርሁም። እንዴት ብዬ? ከነገርሁ አይጧ ማን እንደነበረች ይወጣል። ደግሞም ሁለቱን ጣሳ ሲሰፍሩ ደስ ብሎአቸው ሳይ ሦስተኛ መጠየቅ ከበደኝ። ስለዚህ ለእርስዎ እንዲህ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፦ «አክስቴ አይጨነቁ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት በደንብ እ

ይቅርታ፣ መስመሩ ተበላሸ። የምጽፈው ጋጣው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ አባባ ሳላያቸው መጥተው በራፉ ላይ ቆመዋል። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም። ኪዳኑ በልቶ ሄዷል። ዳማው ከጎኔ እየበላ ነው። አባባ ግን እጃቸው ላይ የሚጨስ ሦስተኛ ጣሳ ይዘዋል፤ ዓይናቸውም ወረቀቱን ሳይሆን የእጄን አንጓ ነው የሚያየው፣ ያንን የፈረስ እግር የሚያዩበትን አተያይ። አሁን አንድ እርምጃ ቀረቡ። እስከ ዛሬ ለእኔ ተጠቅመውበት በማያውቁት በዚያ በለስላሳው ድምፅ፣ በአዊኛው፣ ዳማውም ጆሮውን እስኪያቆም ድረስ፦

«ሰርክአዲስ፣ እንዴት አደርሽ?»